እንግሊዝኛን በዜማ ያጠናች ልጅ

እግሬ አንድ ቦታ መቀመጥ አይወድም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከአንዱ ልጄ ቤት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ጠበል ወደ ሌላው ስል ነው የኖርሁት። ኮላ ድባ ያለችው ልጄ «እማ፣ ቤቴ ምን ጎደለውና ነው ዛሬ መጥተሽ ነገ የምትነሺው?» እያለች ትቆጣኛለች። ምንም አልጎደለውም። የደንቢያ ሜዳ ሸጋ ነው፤ እህሉም ሸጋ፣ ሰዉም ሸጋ። ግን መናኸሪያው ላይ ረዳቱ «ጎንደር! ጎንደር!» ብሎ ሲጮህ በስሜ የሚጠራኝ ይመስለኛል፤ ነጠላዬን አጣፍቼ እነሳለሁ።

አንድ ዓመት ግን ጎንደር ገብቼ እግሬ ታሰረ። ያሰረችኝ የልጄ ልጅ ናት።

የበኩር ልጄ በአንድ ደብር መሪጌታ ነው፤ ዜማም ቅኔም አዋቂ። ቤቱ ከደብሩ አጥር ሥር፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ በር በሚገባበት ግቢ ውስጥ ነው። ሚስቱ ገበያ ትውላለች፤ እሱ ከማኅሌት መልስ ቤት ይውላል። ስለዚህ ልጅቱ አፏን ከፈታች ጀምሮ ያደገችው ከአባቷ እግር ሥር ነው። ፊደል ቆጠረች፣ ንባብ ለየች፣ ጸሎቱን ሁሉ በቃሏ ያዘች፤ ከዚያ ነው የመንግሥት ትምህርት ቤት የገባችው። ያኔ አስረኛ ክፍል ደርሳ ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርቱ ዘመን ዛፍ ሥር ተሰብስበን ነው። ለዚህ ነው መሰለኝ፣ ሰው መጽሐፍ ይዞ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው። እቆማለሁ፤ ምን እንደሚል እጠይቃለሁ።

ጥምቀት እንዳለፈ ሽማግሌ መጣ። ከደንቢያ፣ ከዚያችው ከኮላ ድባ ነው የመጡት፤ የሚወክሉትን ቤት እኔም አውቀዋለሁ፤ የጨዋ ቤት ነው። አለቃቸው፣ ሁላችን አያ የምንላቸው፣ ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ተቀምጠው ገና እግራቸውን ሳያሳርፉ «መሪጌታ፣ ልጅዎን ሽተን መጥተናል። ልጃችን ሥራ ወዳድ ነው፤ አንድ ጉድለቱ ዜማ አለማወቁ ነው፣ እሱንም ልጅዎ ታስተምረዋለች» አሉ።

ልጄ ሳቀ። ወዲያው ግን ጢሙን ይዞ አሰበ። እነዚህ ሰዎች ዘመድም ወዳጅም ናቸው፤ በባዶ እጅ አይመለሱም።

«አያ፣ ልጅቱ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት» አለ። «ብሔራዊ ፈተናውን ትፈተን። ወደ መሰናዶ ካለፈች ትምህርቷን ትቀጥላለች፤ እናንተም ትመርቋታላችሁ። ካላለፈች ያን ጊዜ ቀን እንቆርጣለን።»

«ሸጋ! እንጠብቃለን» አሉ አያ።

ልጅቱ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች፤ ሁሉንም ሰምታለች። እነሱ ሲወጡ አጠገቤ መጥታ ቁጭ አለች።

«እምዬ፣ ሒሳቡን አልፈራውም፤ ሌላውንም አልፈራውም። እንግሊዝኛው ከጣለኝ ግን ኮላ ድባ ነኝ።»

«ምነው፣ ኮላ ድባ ምን አደረገችሽ?» አልሁ፤ እውነቴን ነው፣ ቅር ብሎኛል።

«ምንም አላደረገችኝም። እኔ ነኝ ገና ነኝ ያልሁት።»

እኔን ሲድሩኝ ፈተናዋ ይለፍ ያለ ሰው አልነበረም። ፈተናም አልነበረኝ። ይህን በልቤ አልሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ረዳቱ ቢጮህም አልሰማሁትም።

እንግዲህ ይቺ ልጅ ትምህርት የምታውቀው በአንድ መንገድ ነው፤ በአባቷ መንገድ። በዚያ ቤት ልጅ መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ ያነብባል፤ ቀጥሎ በዜማ ያወርደዋል፤ በመጨረሻ ቀጥ አድርጎ ያለ ማቋረጥ ይለዋል። ያን ጊዜ ቃሉ የእሱ ሆነ ማለት ነው። ልጅቱ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን አመጣችና ይህንኑ አደረገችበት። ሲነጋጋ ትነሳለች፤ ፊቷን ትታጠባለች፤ የአባቷ አጎዛ ላይ ትቀመጥና ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለች ታዜመዋለች። ምንባቡን ታዜማለች፤ ጥያቄውን ታዜማለች፤ «ትክክለኛውን መልስ ምረጥ» የሚለውን ትእዛዝ ሳይቀር ታዜማለች። ድምጿ የአባቷ ነው። ውኃ ሊቀዳ የወጣ ሁሉ ጀሪካኑን አስቀምጦ ይሰማል።

«መሪጌታ፣ ቅዳሴው እንግሊዝኛ ሆነ እንዴ?» ይላሉ ጎረቤቶቹ።

ልጄ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አያውቅም። ግን ከውስጥ ሆኖ ያርማታል፦ «እዚያ ላይ ድምፅሽን አታንሺ! ዝቅ! ዝቅ አድርጊና ጣይው!» እሷም ዝቅ አድርጋ ትጥለዋለች፤ ያምራልም።

በግቢው ውስጥ አብራት የምትማር አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ ሐጂ ናቸው፤ አራዳ ጨርቅና ጃንጥላ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው፤ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ በንግድ የታወቁ ናቸው። የሐጂ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቅ ትቀመጣለች፤ ፈረንጅ ሲመጣም የምታነጋግረው እሷ ናት። አንድ ቀን መጽሐፉን ይዛ የኛን ልጅ አስባለቻት። ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥታ ስትወርድ ስትወርድ፣ የሐጂ ልጅ ጣቷ ደከማት።

«ወላሂ እማማ፣ ነጥቧን እንኳ አልሳተችም!»

እኔ እልል አልሁ። ልጄ ብቅ ብሎ «አለቀ በቃ፤ እንግሊዝኛውን ጨርሳለች» አለ፤ ለተማሪው እንደሚመሰክር የኔታ አድርጎ።

የሐጂ ልጅ ግን መጽሐፉን ዘግታ ትንሽ አሰበችና «ይህን ሁሉ ስትዪ ምን እንደሚል ታውቂዋለሽ?» አለቻት።

«ትርጓሜው በኋላ ይመጣል» አለች የኛዋ።

ትምህርት ቤታቸው ያን ጊዜ ፕላዝማ የሚባል ነገር ገብቶ ነበር። አስተማሪው መስታወት ውስጥ ነው አሉ፤ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ አይጠብቅም። «እጅ ብታወጪ አያይሽም እምዬ፤ ጥያቄ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል፤ ጨርሶ ይሄዳል» ትለኛለች። እንዲህ ያለ መምህር ይዛ መጽሐፍ በቃሏ ማወቋ ለኔ ተአምር ነበር፤ ዛሬም ተአምር ነው።

ከዋናው ፈተና አስቀድሞ ሞዴል የሚሉት መሞከሪያ አለ። ልጅቱ በዚያ ቀን እንደ ሙሽራ ታጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ሄደች። ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«ምነው ልጄ? አመመሽ?»

«ከመጽሐፉ አንድም አልመጣም።»

«እንዴት አንድም?»

«ምንባቡ ስለ መርከብ ነው። መርከብ ደግሞ አልተማርንም!» ብላ አለቀሰች። መጀመሪያ ላይ ያለችውን አንዲት ቃል አላውቃትም ብላ እሷን ስትታገል ሰዓቱ አልቆባታል። ውጤቱ ሲመጣም እንደፈራችው ነው፤ እንግሊዝኛው ወድቋል።

ልጄ ተቆጣ። እሱ ባደገበት ቤት መምህር የሰጠውን ነው የሚጠይቅ፤ ተማሪም የተቀበለውን ነው የሚመልስ። ያልሰጡትን መጠየቅ ጨዋታም አይደለ።

«ያላስተማሩትን መጠየቅ ምን የሚሉት ግፍ ነው? አሁን ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ!» አለና ጋቢውን ደርቦ፣ መቋሚያውን ይዞ ወጣ። ነገር እንዳይበላሽ ብዬ ተከተልሁት። እውነቱን ለመናገር ነገሩን ማየትም አምሮኝ ነበር።

የእንግሊዝኛ መምህሯ ወጣት ነው። ሲያየን ከወንበሩ ተነሥቶ «መሪጌታ፣ ይቀመጡ፤ እናቴም ይቀመጡ» አለ። ልጄ አልተቀመጠም።

«ልጄ መጽሐፋችሁን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ታውቀዋለች። ምነው ታዲያ ከሌላ አመጣችሁባት?»

«አውቃለሁ» አለ መምህሩ። «ክፍል ውስጥ ብላልናለች፤ ሁላችንም አጨብጭበናል። ግን መሪጌታ፣ ፈተናው መጽሐፉን አይጠይቅም፤ ያላየችውን አንብባ መረዳቷን ነው የሚጠይቅ።»

«ያላየችውን በምን ታውቀዋለች?»

መምህሩ ጥቂት አሰበ። «እርስዎ ነገ ሌላ ደብር ቢሄዱና አንድ ባለቅኔ ትናንት ያልነበረ ቅኔ ቢዘርፍ፣ ይህን ቅኔ አልተማርሁትም ይላሉ?»

ልጄ መቋሚያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አልልም።»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ሰሙን ከወርቁ እለያለኋ!»

«እንግዲህ ከእሷ የምንፈልገው ይህንኑ ነው።»

ልጄ ያን ጊዜ ተቀመጠ። የተቀዳለትን ሻይም ጠጣ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ድንገት ቆሞ «ቅኔ እኮ አይሸመደድም እማ» አለኝ፤ እኔ ሸምድዱ ያልሁ ይመስል። ቤት እንደገባም ልጅቱን ጠርቶ «ዜማ ቤቱን ጨርሰሻል፤ አሁን ቅኔ ቤት ግቢ» አላት። እንዴት እንደምትገባ ግን እሱም አያውቅ።

ያወቀችው ራሷ ናት፤ እኔ የማደንቃትም ለዚህ ነው። ሁለት ቀን ያህል አኮረፈች፤ መጽሐፉንም አልነካችው። በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት ስንልጥ እንዲህ አለችኝ፦

«እምዬ፣ አንቺ እንደሁ መዞርሽ አይቀርም።»

«ስድብ ነው?»

«አይደለም፤ ሥራ ልሰጥሽ ነው። የኔን መጽሐፍ በቃሌ ስለማውቀው ከእንግዲህ አይፈትነኝም። አንቺ ከተማ ስትዞሪ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ያገኘሽውን ሁሉ አምጪልኝ። ምን እንደሆነ አትጠይቂ፤ አትምረጪ። እኔ አንዴ አነብበውና ምን እንደሚል በአማርኛ አጫውትሻለሁ። ከዚያ አንቺ ጠይቂኝ።»

«እኔ ምን አውቄ እጠይቅሻለሁ?»

«ስለማታውቂ ነዋ! መንገድ ላይ ሰው ስታገኚ እንደምትጠይቂው ጠይቂኝ።»

ይህስ ይቻለኛል። ከዚያ ወዲያ ፒያሳን አንድ ጥግ ሳላስቀር ዞርኋት። መድኃኒት ቤት እገባለሁ፤ ካርቶን የሚጥሉ ባለሱቆች ዘንድ እገባለሁ፤ ሆቴል ደጅ ቱሪስት ጥሎት የሄደውን አነሣለሁ። አንዱ ባለሱቅ የሳሙና ካርቶን ስለምነው ገርሞት «እማማ፣ ምን ሊያደርጉበት ነው?» አለኝ።

«ላነብበው ነው።»

«እንግሊዝኛ?»

«ምነው፣ አያምርብኝም?»

ሳቀና ከውስጥ አንድ ክምር አውጥቶ ሰጠኝ። ባጃጅ ላይ ካርቶን አቅፌ ስሳፈርም «እማማ ሱቅ ከፈቱ?» ይሉኛል።

መጀመሪያ ያቀረብሁላት የመድኃኒት ወረቀት ነበር፤ ታጥፎ ታጥፎ ጥፍር የሚያህል፣ ሲዘረጉት ደግሞ ማእድ የሚያለብስ። ጀመረችና በሁለተኛው መስመር ላይ ቀጥ አለች።

«ምነው ቆምሽ?»

«ይቺን ቃል አላውቃትም።»

«እለፊያታ!»

«ቃል ይታለፋል እንዴ እምዬ?» አለች፤ ደንግጣ ነው። እውነቷን ነው፤ አባቷ ዘንድ አንዲት ቃል ከዘለሉ ከመጀመሪያው ጀምሪ ነው የሚባል። ይህ ነገር ከአጥንቷ የገባ ነው። መርከቡ ላይም ያስቀራት ይኸው ነው።

የሐጂ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ሰምታን ኖሮ ሳቀችባት። «እኔ ሱቅ ፈረንጅ ሲመጣ ያላወቅሁትን እያለፍሁ ነው የምሸጥለት። እያንዳንዷን ቃል እስክፈታ ብጠብቅማ ሰውየው አገሩ ይገባል!»

«ያላወቅሽው ቃል ዋጋውን የሚናገር ቢሆንስ?»

«እሱን ከፊቱ አውቀዋለሁ። አጠገቡ ያሉት ቃላት ይነግሩኛል። አንቺ ግን እንግሊዝኛ ስታይ ጫማሽን የምታወልቂ ነው የምትመስይው!»

የኛዋ ተናደደች። ተናዳ ግን ቃሏን ዘለለቻት። ስትዘልላት ዓይኗን እንደ መጨፈን አደረገች፤ ጉድጓድ የምትሻገር ነው የምትመስል። ከታች ደርሳ ተመለሰችና «እ… ለካ ማሳከክ ነው!» አለች። መድኃኒቱ ለሚያሳክከው ሰው አይስማማም ይላል አሉ። እኔም ተቀብዬ ጠየቅሁ፤ ለማን ነው? ሕፃን ይወስደዋል? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? ቢያስታውከው ምን ይደረጋል? መልሱን ለማግኘት እየተመለሰች ትፈልጋለች፤ የት እንዳለ ግን ታውቀዋለች፤ ሁሉን እንደገና አታነብም። ይህን መፈለጓን ሳይ እጄን አገጬ ላይ አድርጌ ቀረሁ።

ከዚያ ሁለቱ ልጆች ተዋዋሉ። የሐጂ ልጅ ያላየችውን ማንበብ አይከብዳትም፤ የእንግሊዝኛው ግስ ግን ከአእምሮዋ አይቆይም፤ ዛሬ ያጠናችውን ነገ አታገኘውም። የኛዋ ደግሞ ይህን ችግር አታውቀውም። ስለዚህ አንዷ ምንባብ ታስነብባለች፤ ሌላዋ ግሱን በዜማ ታስይዛለች። የሐጂ ልጅ ግሱን ታወርደው ጀመር። አንድ ቀን ሐጂ ከሱቅ ሲገቡ ሰሟት፤ ቆሙና «ልጄ፣ ይህን በመንዙማ ብታደርጊው ለኛ ጆሮ አይሻልም?» አሉ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ምክሩን ወደደችው፤ በነጋታው እየደለቀች በመንዙማ ዜማ አወረደችው፤ ከዚያ ወዲያ አንዱም አልጠፋትም።

የሐጂ ልጅም በፈንታዋ ሌላ ነገር አመጣች። «ምንባቡን ከማንበብሽ በፊት ጥያቄውን እዪ» አለቻት።

«ጥያቄውን አስቀድሞ ማየት ስርቆት አይደለም?»

«ወረቀቱ ላይ ተጽፎልሽ እያለ የምን ስርቆት!»

ይህም ብዙ አከራከራት፤ ወደ አባቷ ዞራ እስክታየው ድረስ። እሱም መቋሚያውን እየጠረገ «ከተጻፈልሽ ያንቺ ነው» ብሎ ፈረደ።

አንድ ከሰዓት ከሐጂ ሱቅ ጨርቅ የተጠቀለለበት የጋዜጣ ቅዳጅ አመጣሁ። ልጅቱ ታነብልኝ ጀመር። አንድ ሰውዬ በትልቅ ከተማ ውስጥ በፎቅ አናት ላይ ንብ ያረባል። ጎረቤቱ ደግሞ ንቡ ነደፈኝ፣ ይነሣልኝ ብሎ ይከሰዋል። ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ዳኛው ሁለቱንም ሰምቶ ሲያበቃ ሊናገር ቀና አለ… ልጅቱ ንባቧን አቆመች።

«ምን አለ ዳኛው?»

«ተቀዷል እምዬ። እዚህ ላይ ነው ያበቃው።»

«ምን ማለት ነው ተቀዷል? ንቡ ተነሣበት ወይስ አልተነሣበትም?»

«አልተጻፈማ።»

«እኔ ይህን ሳልሰማ አላድርም!»

የእውነቴን ነበር። ንብ የሚያረባ ሰው ቤት ነው ያደግሁ፤ የሰውየው ነገር አሳዝኖኛል። ልጅቱ ስታየኝ ሳቀችና ቅዳጁን እንደገና አነሣች። ከላይ ተመለሰች፣ መሃል ላይ ቆየች።

«ዳኛው ከሳሹን አንድ ነገር ጠይቆታል፤ ማሩን ከማን ነው የምትገዛው ብሎታል። ከሳሹም መልስ አልሰጠም ነው የሚል። ዝም አለ ነው የሚል።»

«እና?»

«እና ማር የሚገዛው ከዚያው ከጎረቤቱ ነዋ! ዳኛውም አውቆታል። ባያውቅ አይጠይቀውም። ንቡ አይነሣም እምዬ። አልተጻፈም፣ ግን ተጽፏል።»

ከውስጥ የልጄ ድምፅ መጣ፤ ለካ አጎዛው ላይ ተጋድሞ ሲሰማ ነው የቆየው። «ወርቁን አገኘችው!» ብሎ ጮኸ። ወጣና ቅዳጁን ከእጇ ወስዶ ገልብጦ አየው፤ አንብቦ የሚረዳው ነገር ይመስል። መልሶ ሰጣትና ግንባሯን ሳማት። ልጄ ልጁን በሰው ፊት ሲስም ያየሁት ያን ቀን ነው።

ፈተናው ሲደርስ አንድ ስጋት ቀረ። ልጅቱ ስታነብ ታዜማለች፤ ሳታውቀው ነው። ፈተና ላይ ድምፅ ካሰማች ፈታኙ ያስወጣታል። አባቷ ይመክራታል፦ «በልብሽ አዚሚ። ከንፈርሽም አይንቀሳቀስ፤ ራስሽም አይነቅነቅ።» እሷ ደግሞ ታነባለች፤ እኛ ከበን እናያታለን፤ ትንሽ ስትወዛወዝ የሐጂ ልጅ «ተያዝሽ!» ትላታለች። እንዲህ እያሉ ዝም ብሎ ማንበብ አስለመዷት። እሷም በጸጥታ ስታነብ ዓይኗ ይሄዳል፣ ይዘልላል፣ ይመለሳል፤ እኔ ወንፊት ላይ ያለ እህል የማይ ይመስለኝ ነበር።

የእንግሊዝኛው ፈተና ቀን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋት። ተማሪው ሲወጣ መልሱን የሚከራከር አለ፤ የሚሳደብም የሚያለቅስም አለ። እሷ ቀስ ብላ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ።

«ምን ጠየቁሽ?»

«አንድ ደረቅ አገር አለ እምዬ። ዝናብ የለም፣ ወንዝ የለም፤ ጉም ብቻ ነው ያለው። ሰዎቹ ተራራ ላይ ትልቅ መረብ ይዘረጋሉ።»

«ለምን?»

«ጉሙን ሊያጠምዱት።»

«ኧረ ወዲያ! ጉም ይጠመዳል?»

«ይጠመዳል። መረቡ ላይ ይይዝና ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፤ ከታች ገንዳ ይሞላል። ይጠጡታል።»

እኔ ደጋ ላይ ስመላለስ ስንት ጉም ውስጥ አልፌያለሁ፤ ነጠላዬን አርጥቦት እረግመዋለሁ እንጂ እንዲህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅ። መረቡ ከምን ይሠራል? ነፋስ አይወስደውም? ማን ጀመረው? ስጠይቅ ስትመልስ፣ ስጠይቅ ስትመልስ ቤት ደረስን። ከብዶሽ ነበር ወይ ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ በሩ ላይ ትዝ አለኝ። አልጠየቅሁም። ምን ያደርግልኛል? ያላየችውን አገር ይዛኝ ሄዳ መልሳኛለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ውጤት መጣ ተባለ። ሁለቱ ልጆች በዝናብ አንዲት የሐጂ ጃንጥላ ይዘው ሮጡ። ሲመለሱ ጃንጥላው ታጥፎ በእጃቸው ነው፤ ሁለቱም በስብሰዋል፤ ለመዘርጋት ጊዜ አላገኙም። አልፈዋል። ሁለቱም መሰናዶ ገብተዋል። እናቷ ከገበያ ስትመጣ አቅፋት ብዙ ቆየች፤ ሐጂም ለግቢው ሁሉ ብስኩት ላኩ።

ዘመን ከተለወጠ በኋላ ሽማግሎቹ ቃላቸውን አክብረው መጡ። ልጄ ከፈተናው ይልቅ ይህን ቀን ፈርቶት ነበር። ወዳጆቹ ናቸው፤ ክፉ አልተናገሩም፤ እስከዚህ ድረስ ጠብቀዋል። አስቀመጣቸው፣ ተስተናገዱ። አያ ዙሪያውን ተመልክተው ገባቸው መሰለኝ፣ እንዲህ አሉ፦

«መሪጌታ፣ መልሱ ከፊትዎ ይነበባል። ግን ይህን ያህል ያስጠበቀንን እንግሊዝኛ ሳንሰማ አንሄድም። ልጅቱ ትምጣና ራሷ ትንገረን፤ በእንግሊዝኛ!»

ሌሎቹ ሳቁ። ልጅቱ ወጣች። እኔ ታፍራለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጅ ነሥታ፣ ቆማ ተናገረች። ቀስ ብላ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ ዜማ የለበትም። ረጅምም ነው፤ አንዴ ወደ አያ፣ አንዴ ወደ አባቷ እያየች ተናገረች። ስትጨርስ እንደገና እጅ ነሣች።

ሽማግሎቹ ሁሉ ወደ ልጄ ዞሩ፤ የሚፈታልን አዋቂ እሱ ነው ብለው።

«መሪጌታ፣ ምን አለች?» አሉ አያ።

ልጄ ጉሮሮውን ጠረገ። አንዲት ቃል አልገባውም፤ እኔ አውቃለሁ።

«እምቢ አለች» አለ።

«ኧረ! ይህ ሁሉ ንግግር እምቢ ለማለት ነው?»

«ንባቡ ረጅም ነው፤ ምስጢሩ እምቢ ነው።»

መጀመሪያ የአያ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንዲህ አምሮ እምቢ የተባልሁት ዛሬ ነው!» አሉና ተነሥተው መረቋት። እውቀቱን ይግለጥልሽ አሏት፤ ወንበር ላይ ያስቀምጥሽ አሏት። እስከ መንገዱ ሸኘናቸው፤ አልተቀየሙም።

ስንመለስ ልጅቱን ወደ ጎን ጎተትኋት።

«ስሚ፣ በእውነት ምን ብለሽ ነው?»

«ከሩቅ መጥታችሁ፣ ታግሣችሁ ስለጠበቃችሁኝ አመሰግናለሁ አልኋቸው። ልጃችሁ ሸጋ ሰው እንዲያገኝ እመኛለሁ፤ እኔ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ አልኋቸው።»

«እምቢ አላልሽም?»

«አላልሁም። ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ አዘንሁላቸው» አለችና ወደ አባቷ አየች፤ በሩ ላይ ቆሞ ጋቢውን እያስተካከለ ነበር። «አባባ ብሎልኛል።»